«ጀርሚኔሽን 90 በመቶ»፦ በዘር ከረጢት ላይ ስለሚሰፍር አንድ ቃል ትርጉምና አጠቃቀም

ከጥቂት ዓመታት በፊት የፋሲካን በዓል ከእኛ ጋር ለማክበር ከአርሲ ደጋ ወደ አዲስ አበባ የመጡት አጎታችን፣ ምሳ ከተበላና ቡናው ከቀረበ በኋላ፣ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አንዲት የታጠፈች ወረቀት አውጥተው ሰጡን። ወረቀቷ ለመጪው ክረምት ከገዙት የቢራ ገብስ ዘር ከረጢት ላይ የተቆረጠች ስትሆን ጽሑፉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነበር። የዝርያው ስም፣ የንጽሕናው መጠን፣ የእርጥበቱ መጠንና የተመረመረበት ቀን ተራ በተራ ሰፍረዋል። ከሁሉም በታች «ጀርሚኔሽን፦ 90 በመቶ» ይላል።

«ልጄ፣ ይህችኛዋ ምን ትላለች?» ሲሉ ጠየቁን። ቃሉን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ስለምናውቀው ያለ ማመንታት «ከመቶው ፍሬ ዘጠናው ይበቅላል ማለት ነው፣ ጋሼ» አልናቸው። ይባስ ብለንም እስክሪብቶ አንሥተን በዚያችው ወረቀት ጀርባ ላይ ስሌት ሠራንላቸው። አጎታችን በሄክታር 2 ኩንታል ይዘሩ ነበር። በእኛ ስሌት መሠረት ግን 1 ኩንታል ተኩል ይበቃል። የግማሽ ኩንታል ምርጥ ዘር ዋጋ ቀላል ገንዘብ አልነበረምና ምክራችንን በደስታ ተቀበሉ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ስልክ ደወሉ። ማሳው ሳስቷል። ቁጣ ከድምፃቸው አልተሰማም፤ የተናገሩት ነገር ግን እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። «ጎንቁሎ ነበር እኮ። አፈሩን ጫር ጫር አድርጌ አይቼዋለሁ። ጎንቁሎ ቀረ እንጂ አልበቀለም» አሉን።

ውድ አንባቢያን፣ አንድ የፊዚክስ መምህር ስለ ዘር መብቀል ምን አገባው የሚል ጥያቄ ቢነሣ መልሳችን ይኸው ነው፤ የተሳሳተው ትርጉም የእኛ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ቃሉ ከየት እንደ መጣ፣ በየሙያው ምን ማለት እንደ ሆነና አጎታችን በሁለት ግሶች የለዩትን ነገር እኛ በአንድ ግስ ጨፍልቀን እንዴት እንዳበላሸነው ለማስረዳት እንሞክራለን።

የቃሉ አመጣጥ

«ጀርሚኔሽን» የሚለው ስም ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከላቲን ነው። በላቲን «ጌርሜን» ማለት እንቡጥ ወይም ቡቃያ ሲሆን «ጌርሚናሬ» የሚለው ግስ ደግሞ ቡቃያ ማውጣትን ያመለክታል። (ቃሉ ከጀርመን አገር ስም ጋር ዝምድና የለውም። የፊዚክስ ተማሪዎቻችን በደንብ የሚያውቁት ጀርማኒየም የተባለው ንጥረ ነገርም እ.ኤ.አ. በ1886 ክሌመንስ ዊንክለር ባገኘው ጊዜ በአገሩ ስም የሰየመው እንጂ ከቡቃያ የመጣ አይደለም።)

ከዚሁ ሥር «ጀርም» የሚለው ቃል ወጥቷል። መነሻ ትርጉሙ ገና ያልተገለጠ፣ ወደፊት የሚያድግ ነገር የተጠቀለለበት ትንሽ አካል ማለት ነው። በዚህ ትርጉሙ ዛሬም «የስንዴ ጀርም» ሲባል በስንዴዋ ፍሬ ጫፍ ላይ የምትገኘው ፅንስ ማለት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ፓስተርና ኮኽ በሽታ ከጥቃቅን ሕያዋን ዘር እንደሚነሣ ባስረዱበት ወቅት ግን ቃሉ ወደ ሕክምና ተሻገረ፤ ሕዝቡም ያወቀው በዚህ አዲስ ትርጉሙ ስለሆነ «ጀርም» ዛሬ በአማርኛችን ሳይቀር በሳሙና የሚታጠብ ጠላት ሆኗል። አንድ ተማሪያችን በገበያ አዳራሽ ውስጥ «የስንዴ ጀርም» የሚል እሽግ አይቶ የተበከለ ስንዴ በይፋ ይሸጣል ብሎ በመደነቅ መጥቶ ነግሮናል። ልጁን አልሳቅንበትም፤ ለምን እንዳልሳቅንበት የሚቀጥለው አንቀጽ ይናገራል።

ለዶክትሬት ጥናት በጀርመን አገር በቆየንባቸው ዓመታት የሥራ መስካችን የክሪስታል ዕድገት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለንባብ ከተሰጡን ጽሑፎች አንዱ በርእሱ ላይ «ካይምቢልዱንግ» የሚል ቃል ነበረው። መዝገበ ቃላት ብናይ «ካይም» ማለት ቡቃያ ነው ይላል። ጽሑፉ በስሕተት ከግብርና ክፍል የመጣ መስሎን ልንመልሰው ተነሣን። ኋላ እንደ ተረዳነው፣ ጀርመኖች ፈሳሽ ወደ ጠጣርነት ሲለወጥ በቅድሚያ የምትፈጠረውን፣ ከተወሰነ መጠን ካለፈች የምታድግ፣ ካላለፈች ግን ተመልሳ የምትሟሟውን ጥቂት የአተሞች ስብስብ «ካይም» ብለው ይጠሯታል። ከእርሻ የተወሰደ ቃል በፊዚክስ ውስጥ ትክክለኛ ልኬት ያለው ነገር ሆኗል ማለት ነው። ያን ጊዜ ከዚህ አንድ ትምህርት መውሰድ ይገባን ነበር፤ ቃል ሙያ ሲቀይር የሚያመለክተውም ድንበር ይቀየራል።

በእንግሊዝኛ «ጀርሚኔት» የሚለው ግስ የሚነገረው ስለ ዘር ብቻ አይደለም። የስንዴ ዋግ ስፖር በእርጥብ ቅጠል ላይ ክር መሰል አካል ሲያወጣ «ጀርሚኔት አደረገ» ይባላል። የአበባ ብናኝ በሴቴው የአበባ ክፍል ጫፍ ላይ አርፎ ቱቦ ሲያወጣም እንዲሁ ነው። በአንጻሩ ጓዳ የቆየ ድንች ዓይኑ ሲያቆጠቁጥ ጠንቃቃ ጸሐፊ «ጀርሚኔት» አይልም፤ ድንቹ ግንድ እንጂ ዘር አይደለምና «ስፕራውት አደረገ» ይላል። «ስፕራውት» ከላቲን ያልመጣ፣ የእንግሊዝኛው የራሱ የገጠር ቃል ሲሆን በዓይን የሚታየውን ቡቃያ ያመለክታል፤ ከዘር ይውጣ ከጉቶ ወይም ከሥር ግድ የለውም። ባጭሩ «ጀርሚኔሽን» የሂደቱ ስም ነው፤ «ስፕራውት» የሚታየው ነገር ስም ነው። በአማርኛ የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ጉቶ አቆጠቆጠ ስንል፣ ዘር ግን በቀለ ስንል የምናደርገው ልዩነት ለዚህ ይቀርባል።

እንግሊዞች ስለ ሐሳብም «ጀርሚኔት አደረገ» ይላሉ፤ ሐሳብ እንደ ዘር በጭንቅላት ውስጥ ተዘርቶ ይቆይና ያቆጠቁጣል። የእኛ ሰው ደግሞ ሐሳቡ ወይም ሤራው «ተጠነሰሰ» ይላል። እነርሱ ምሳሌውን ከማሳ ሲወስዱ እኛ ከጠላ ጋን ወስደነዋል። ከእንግሊዝኛ የሚተረጉሙ ወዳጆቻችን «ሐሳቡ በቀለ» ብለው ሲጽፉ ስናይ የምናዝነው፣ ተሠርቶ የተቀመጠ ቃል እያለ ስለሚያልፉት ነው።

የሞተ ዘርም ውሃ ይጠጣል

ወደ ዘሩ እንመለስ። በደንብ የደረቀ ገብስ ከክብደቱ 12 ወይም 13 በመቶ ገደማ ውሃ ይይዛል። እንዲህ ያለ ፍሬ እርጥብ አፈር ሲነካ ውሃውን የሚስብበት ኃይል እጅግ ብርቱ ነው። በግፊት አሀድ ቢገለጽ በብዙ አሥር፣ አንዳንድ ጊዜም ከ100 በሚበልጥ ሜጋፓስካል ይለካል። 100 ሜጋፓስካል ከከባቢ አየር ግፊት አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣል። ይህ ኃይል የሚመነጨው በፍሬው ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖችና ስታርች የውሃ ሞለኪውሎችን በገጻቸው ላይ አጥብቀው ስለሚይዙ ነው።

እንግሊዛዊው እስጢፋኖስ ሄልስ እ.ኤ.አ. በ1727 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ኃይል በቀላል መሣሪያ ለክቷል። አንዲት ጠንካራ የብረት ድስት በአተርና በውሃ ሞልቶ በላዩ የእርሳስ ክዳን አደረገና ክብደት ጫነበት፤ አተሩ እያበጠ 184 ፓውንድ፣ ማለትም 83 ኪሎ ግራም ያህል ሸክም ወደ ላይ አነሣ። ማንም የቤት እመቤት ሽምብራ ስትዘፈዝፍ ክዳኑን ቸንክራ አትዘጋም፤ ምክንያቱን ሄልስ በቁጥር አስቀመጠው።

ልብ ልንለው የሚገባን ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዘሩ በሕይወት ቢኖርም ባይኖርም ነው። በእርጅና የሞተ ባቄላ ቢዘፈዘፍ እንደ ሕያው ባቄላ ያብጣል። ማበጥ የፊዚክስ ጉዳይ እንጂ የሕይወት ምልክት አይደለም። ስለዚህ ዘሩ ውሃ ጠጥቶ ተነፋ ማለት በየትኛውም ሙያ ትርጉም «ጀርሚኔሽን» ተፈጸመ ማለት አይሆንም።

ከመጀመሪያው ፈጣን መጠጣት በኋላ የፍሬው ክብደት ለተወሰነ ጊዜ ብዙም ሳይለወጥ ይቆያል። ከውጭ ለሚያየው ምንም የሚደረግ ነገር የለም። በውስጥ ግን በድርቀት የተጎዱት የሕዋስ ሽፋኖች ይጠገናሉ፣ አተነፋፈስ ይጀመራል፣ ኢንዛይሞች ይመረታሉ። ሕያውና ሙት ዘር የሚለያዩት በዚህ ጸጥታ ወቅት ነው። አሮጌ ዘር ሽፋኖቹን በቶሎ መጠገን ስለማይችል በውስጡ ያሉት ጨዎችና ስኳሮች ወደ ውሃው ይፈስሳሉ። ጨው ያለበት ውሃ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በዚህ መሠረት የዘር ላቦራቶሪዎች 50 የአተር ፍሬ በ250 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ለ24 ሰዓት ዘፍዝፈው፣ ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታውን በመለካት የዘሩን ጉልበት ይገምታሉ። ዘሩ ቡቃያ ሳያወጣ ስለ ጉልበቱ ፍንጭ የሚሰጥ ይህ ሙከራ ለተማሪዎቻችን የላቦራቶሪ ልምምድ ቢሆን የሚወዱት ይመስለናል፤ የሚጠይቀው መሣሪያ በየትኛውም የፊዚክስ ክፍል አለ።

በሦስተኛው ደረጃ ፅንሷ ትረዝማለች፤ ትንሿ ሥር ቅርፊቱን ቀድዳ ነጭ ጫፏን ታሳያለች። ቡቃያው ወደ ላይ የሚያቀናው ከዚያ በኋላ ነው።

መስመሩ የሚሰመረው የት ላይ ነው?

እዚህ ላይ ሙያዎች ይለያያሉ። ለዕፅዋት ፊዚዮሎጂ ተመራማሪ «ጀርሚኔሽን» የሚጀምረው ዘሩ ውሃ መጠጣት ሲጀምር ነው፤ የሚያበቃውም ትንሿ ሥር ቅርፊቱን በቀደደችበት ቅጽበት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ዕድገት ይባላል እንጂ «ጀርሚኔሽን» አይደለም። ይህ ለፊዚክስ ሰው የሚጥም ትርጉም ነው፤ ጫፉ ታየ ወይም አልታየም፤ መካከለኛ የለውም።

ለዘር መርማሪ ግን ይህ አይበቃም። ሥሯን አሳይታ የምትቀር፣ ወይም ሥር አውጥታ ቅጠል የማታወጣ ፍሬ ለገበሬ ምን ትጠቅመዋለች? እ.ኤ.አ. በ1924 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የዘር ምርመራ ማኅበር በደንቡ ላይ ያስቀመጠው ትርጉም ስለዚህ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። በእርሱ መሠረት ዘሩ «ጀርሚኔት አደረገ» የሚባለው ቡቃያው ወጥቶ፣ ዋና ዋና ክፍሎቹ ታይተው፣ አመቺ ሁኔታ ቢያገኝ ደህና ተክል ሊሆን እንደሚችል ለመፍረድ የሚያስችል ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው። ለገብስ 400 ፍሬ በመቶ በመቶ ተከፍሎ በ20 ዲግሪ ሴልሲየስ እርጥብ ወረቀት ወይም አሸዋ ላይ ይቀመጣል፤ በ4ኛው ቀን አንድ ጊዜ፣ በ7ኛው ቀን ደግሞ የመጨረሻው ቆጠራ ይካሄዳል። የተጣመሙና ሥራቸው የተቆረጠ ቡቃያዎች ከመቶኛው ውጭ ይሆናሉ። በከረጢቱ ወረቀት ላይ የነበረው 90 ይህ ቁጥር ነው።

ይህ ጥብቅነት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በአውሮፓ የዘር ንግድ በማጭበርበር የተሞላ ነበር። በእንግሊዝ አንዳንድ ነጋዴዎች የሚከተለውን ዘዴ ይጠቀሙ ነበር፦ መልኩ ውድ ከሆነው የአትክልት ዘር ጋር የሚመሳሰል ርካሽ ዘር ይገዛሉ፤ በሙቀት ይገድሉታል፤ ከጥሩው ጋር ይቀላቅሉታል። ለምን ይገድሉታል? ሕያው ሆኖ ቢዘራ ባዕድ ተክል በቅሎ ያጋልጣቸዋላ! የሞተ ዘር ግን አይመሰክርም። እ.ኤ.አ. በ1869 የእንግሊዝ ፓርላማ ያወጣው የዘር ማጭበርበር ሕግ ዘርን «መግደል» እና «ማቅለም» ምን ማለት እንደ ሆነ ተርጉሞ የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያው ዓመት በጀርመን፣ በሳክሶኒ ግዛት ታራንት በተባለች ከተማ ፍሬድሪክ ኖቤ የመጀመሪያውን የዘር መመርመሪያ ጣቢያ አቋቋመ። በከረጢት ላይ የሚጻፈው መቶኛ የዚህ ትግል ውጤት ነው። ቁጥሩ ገዢውን ከአታላይ ሻጭ ለመጠበቅ የተፈጠረ የንግድ መለኪያ ነው፤ ማሳ ላይ የሚሆነውን ለመተንበይ አልተፈጠረም።

ቢራ ጠማቂዎች ደግሞ ሌላ ጥያቄ አላቸው። ለእነርሱ ገብሱ በሕይወት መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መነሣት አለበት። ስለዚህ ቃሉን ለሁለት ከፍለውታል። «የጀርሚኔሽን ጉልበት» የሚሉት 100 ፍሬ በ4 ሚሊ ሊትር ውሃ በራሰ ወረቀት ላይ ተቀምጦ በ72 ሰዓት ውስጥ ስንቱ ነጭ ጫፉን እንዳሳየ ነው። «የጀርሚኔሽን ችሎታ» የሚሉት ግን ተኝቶም ቢሆን በሕይወት ያለውን ሁሉ ይቆጥራል። አዲስ የታጨደ ገብስ ሁለተኛው 98፣ የመጀመሪያው ደግሞ 60 ሊሆን ይችላል፤ ፍሬው አልሞተም፣ እንቅልፍ ላይ ነው። በዘር ላቦራቶሪ እንዲህ ያለው ዘር ከምርመራው በፊት በቅዝቃዜ ወይም በመጠነኛ ሙቀት ከእንቅልፉ እንዲነቃ ይደረጋል። በማሳ ላይ የሚቀሰቅሰው የለም። ሞቶ እንደ ሆነ ወይም ተኝቶ እንደ ሆነ ሳይጠብቁ ለመለየት ቴትራዞሊየም የተባለ ቀለም አልባ ውሁድ አለ፤ በሕይወት ያለ የፅንስ አካል ሲነካው ወደ ቀይነት ይለወጣል። ዘዴውን በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዳበረው ጀርመናዊው ጌኦርግ ላኮን ነው።

ይኸው ቃል በእህል ንግድ ውስጥ ነቀፌታ መሆኑም ሊታወቅ ይገባል። ያልተጠበቀ ዝናብ የመታው ስንዴ ገና ሳይታጨድ በዛላው ላይ ቢጎነቁል ነጋዴው «ስፕራውት ያደረገ ስንዴ» ብሎ ዋጋውን ይጥላል። ምክንያቱ ፅንሷ የምታመርተው ኢንዛይም ስታርቹን ወደ ስኳር ስለሚለውጥ ዳቦው ይጣበቃል። ጉዳቱ የሚለካው ደግሞ በአንድ ደስ የሚል የፊዚክስ ዘዴ ነው። 7 ግራም ዱቄት ከ25 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር በመስታወት ቱቦ ውስጥ ሆኖ በፈላ ውሃ መካከል ይቆማል፤ ለ60 ሰከንድ ያህል ይማሰላል፤ ከዚያ ማማሰያው ዘንግ ይለቀቅና በገንፎው ውስጥ እስኪወርድ የሚወስደው ጊዜ ይቆጠራል። ማማሰያውን ጨምሮ ጤናማ ዱቄት 300 ሰከንድና ከዚያም በላይ ይወስዳል፤ ክፉኛ የጎነቆለው ግን ቀጥኖ ከ60 ሰከንድ ትንሽ አለፍ ሲል ዘንጉ ታች ይደርሳል። ይህ የስዊድናዊው ስቬን ሃግበርግ ዘዴ ነው። እናቶቻችን ለጠላ ብቅል ሲያበቅሉ የሚፈልጉት ግን ያንኑ ኢንዛይም ነው። ለአንዱ ጉድለት የሆነው ለሌላው ዓላማ ነው፤ ቃሉም ሁለቱን ፊቶች ይዟል።

አማርኛው ምን አለው?

በልጅነታችን ብቅል ሲዘጋጅ እንዳየነው፣ ገብሱ ተዘፍዝፎ ውሃው ከጠነፈፈ በኋላ በኮባ ቅጠል ይሸፈናል። እናታችን በየጊዜው ቅጠሉን ገለጥ አድርገው እጃቸውን ወደ ውስጥ ይከትቱ ነበር። ሙቀቱን ይለካሉ። ፍሬው ሲተነፍስ ሙቀት ስለሚያወጣ ክምሩ ከመጠን በላይ ከሞቀ ይበላሻልና ይዘረጉታል። ጫፉ ነጭ ነጭ ሲል «ጎንቁሏል» ይላሉ እንጂ «በቅሏል» ሲሉ አንሰማም ነበር። የተዘፈዘፈ ባቄላ ጫፉ ብቅ ሲል ስሙ «ጉንቁል» ነው፤ ማንም «ቡቃያ» አይለውም።

እንግዲህ «ጎነቆለ» የሚለው ግስ በትክክል የፊዚዮሎጂ ተመራማሪው መስመር ላይ ይቆማል፤ ትንሿ ሥር ቅርፊቱን ቀድዳ ስትታይ። «በቀለ» ግን ሰፊ ነው። ዘር ይበቅላል፣ ጥርስ ይበቅላል፣ ጢምና ቀንድ ይበቅላል፤ የሚያመሳስላቸውም ከውስጥ ወጥቶ ላይ መታየት ነው። (በግዕዝ «በቈለ» ተብሎ በቈ ይጻፋል፤ ስለዚህ ከ«ተበቀለ» ጋር በጽሕፈት ይለያያል። አማርኛ ልዩነቱን አጥፍቶታል።) «ቡቃያ» ደግሞ ከአፈር በላይ የቆመው ነገር ስም ነው። አጎታችን «ጎንቁሎ ቀረ እንጂ አልበቀለም» ሲሉ በሁለት ግሶች መካከል ያለችውን ጥቂት ሴንቲ ሜትር አፈር ማመልከታቸው ነበር። እንግሊዝኛው ለዚህ «ኢመርጀንስ» የሚል የተለየ ቃል አለው፤ ከአፈር መውጣት ማለት ነው፤ በከረጢቱ ላይ ግን አልተጻፈም፤ ሊጻፍም አይችልም፤ ምክንያቱም አፈሩ የዘር ሻጩ አይደለም።

ስለዚህ ለሳይንስ መጻሕፍት የምናቀርበው ሐሳብ አለ። በባዮሎጂ ትምህርት «ጀርሚኔሽን» ሲመጣ «ጉንቆላ» ይባል፤ «ብቅለት» ደግሞ ከአፈር ለመውጣት ይቀመጥ። የላቦራቶሪው ሦስተኛ ትርጉም ከሁለቱ ጋር ስለማይገጥም «የደህና ቡቃያ መቶኛ» ብንለው ይሻላል። ቃሉ ረዝሟል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ይሁን፤ ከግማሽ ኩንታል ዘር ይልቅ ሦስት ቃል ይቀላል።

በወረቀቷ ጀርባ ላይ የሠራነው ስሌት

አሁን ስሕተታችንን በቁጥር እንመልከት። በአንድ ሜትር ካሬ 300 ተክል እንዲቆም ተፈለገ እንበል፤ የ1000 ፍሬ ክብደትም 45 ግራም ይሁን። እኛ 300ን ለ0.9 አካፍለን 333 ፍሬ አገኘን። ይህ በሜትር ካሬ 15 ግራም፣ በሄክታር 150 ኪሎ ግራም ይሆናል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ትክክል ያልሆነው ወረቀት ላይ የሚበቅለው ሁሉ ከአፈር ይወጣል ብለን ማሰባችን ነው።

አጎታችን በማሳው የተለያዩ ቦታዎች ቆጥረው እንዲነግሩን ጠየቅናቸው። በአማካይ በሜትር ካሬ 220 ገደማ ተክል አገኙ። ይህም ከላቦራቶሪው 90 ውስጥ ወደ 75 በመቶ የሚሆነው ብቻ አፈሩን ሰብሮ መውጣቱን ያመለክታል። ይህን ቁጥር ይዘን ስሌቱን ብንደግመው 300ን ለ0.9 ከዚያም ለ0.75 ማካፈል ይኖርብናል፤ 444 ፍሬ፣ ማለትም በሄክታር 200 ኪሎ ግራም ይመጣል። አጎታችን ከአባታቸው የወረሱት ልክ 2 ኩንታል ነበር።

ቀሪው 25 በመቶ የት ሄደ? ከፊሉ ከሚገባው በላይ ጠልቆ ተቀብሮ ቡቃያው ብርሃን ሳያይ ስንቁን ጨርሷል። ከተዘራ በኋላ የጣለው ከባድ ዝናብ የአፈሩን ገጽ መትቶ እንደ ሊጥ ካደረገው በኋላ ፀሐይ ስታደርቀው ቅርፊት ይሠራል፤ ያንን ቅርፊት ለመስበር የቡቃያው ጉልበት ላይበቃ ይችላል። ውሃ በተኛበት ቦታ ደግሞ ችግሩ አየር ነው። ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ ዘሩ በውሃ መካከል ሆኖ ይታፈናል። ወፍና ጉንዳን የሚወስዱትም አለ። ገብስ ከአንድ ሥር ብዙ ዘለላ አውጥቶ ክፍተቱን በከፊል ይሞላል፤ ሆኖም ዘግይቶ የወጣው ዘለላ ፍሬው ቀጭንና ያልበሰለ ስለሚሆን ለብቅል የሚፈለገውን እኩልነት ያበላሻል። አጎታችን በዚያ ዓመት ያጡት በኩንታል ብዛት ብቻ ሳይሆን በዋጋም ነበር።

በወረቀቷ ላይ ያላየነው ሌላም ነገር ነበረ፤ የምርመራው ቀን። ዘር ያረጃል። ሃሪንግተን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ያቀረበው ታዋቂ ግምት እንደሚለው፣ በተወሰነ ወሰን ውስጥ የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር፣ ወይም የማከማቻው ሙቀት በ5 ዲግሪ ያህል በቀነሰ ቁጥር የዘሩ ዕድሜ በእጥፍ ይረዝማል። በተቃራኒው ከቆርቆሮ ጣራ ሥር ወይም ከምድጃ አጠገብ ለወራት የተቀመጠ ከረጢት የተጻፈበት 90 ትናንት የነበረ 90 ነው። የዘር ባንኮች፣ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ አበባ ያለውን የአገራችንን ጨምሮ፣ ዘራቸውን አድርቀውና አቀዝቅዘው የሚያስቀምጡት በዚሁ ምክንያት ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን እ.ኤ.አ. በ1879 በጠርሙስ ተሞልተው ከተቀበሩት ዘሮች ጠርሙሱ በ2021 ሲከፈት ጥቂቶቹ በቅለዋል። ሆኖም አብዛኞቹ ዝርያዎች ሞተው ተገኝተዋል፤ የቢራ ገብስ ያዥ በዚህ ታሪክ ባይጽናና ይሻለዋል።

አንባቢ በቤቱ መመርመር ቢፈልግ ስለ ብዛት አንድ ቃል እንጨምር። እውነተኛው መቶኛ 90 ቢሆን፣ 400 ፍሬ ሲቆጠር በዕድል ብቻ የሚመጣው መዋዠቅ 1.5 በመቶ ያህል ነው። በ100 ፍሬ 3፣ በ20 ፍሬ ግን ወደ 7 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ ሃያ ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ «16 ጎነቆለ፣ ዘሩ መጥፎ ነው» ብሎ መፍረድ አይቻልም፤ ያው ዘር በነጋታው 19 ሊያሳይ ይችላል።

በተከታዩ ዓመት ለአጎታችን የላክንላቸው ምክር ቀደም ሲል ከሰጠነው አጭር ነበር። ከየከረጢቱ ልዩ ልዩ ቦታ 200 ፍሬ ያወጣሉ። 100ውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ 100ውን ደግሞ ከማሳቸው በመጣ አፈር በተሞላ ሣጥን ውስጥ በሚዘሩበት ጥልቀት ይቀብራሉ። ሣጥኑ ደጅ ላይ ዝናቡንና ብርዱን እያየ ይቆያል። ከሳምንት በኋላ ጨርቁን ፈትተው ይቆጥራሉ፤ ሣጥኑን ግን ቀዝቃዛ ስለሆነ እስከ ሁለት ሳምንት ይጠብቁታል። ስልክ ደውለው ሁለት ቁጥር ነገሩን። «የጎነቆለው 91፣ የበቀለው 70» አሉ። ከዚያም ጥቂት ዝም ብለው «በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የትኛው ነው ያልከኝ?» ሲሉ ጠየቁን።